በካምፐር ሄደን ካርኒቫል አደርን፤ ለሶለልስ?

ቦርከና (ኮምቦልቻ) · ሚያዝያ 16፣ 2017

ሰላም ለዚህ ቤት። ከጾሙ ወደ ፋሲካው፣ ከረመዳኑም ወደ ዒዱ እንኳን በሰላም አሸጋገራችሁ።

ስሄድ «ተመልሼ እጽፋለሁ» ብያችሁ ነበር። ዘገየሁ፤ ይቅር በሉኝ።

የካቲት ላይ እናቴን ይዤ ጣሊያን ሄጄ ነበር። እህቴ የምትኖረው ፓርማ ነው። ባሏ ካምፐር ተከራየልን። ላላያችሁት፣ ካምፐር ማለት ቤት የሆነ መኪና ነው። አልጋው፣ ምድጃው፣ ፍሪጁ፣ ሽንት ቤቱ ሁሉም ውስጡ አለ። ቅዳሜ ጠዋት ተነስተን ቪያሬጆ የምትባል የባሕር ዳርቻ ከተማ ወረድን። እሑድ የካቲት 23 ትልቅ የካርኒቫል ሰልፍ ነበራቸው። ሁለት ሌሊት አድረን ሰኞ ተመለስን።

ከፓርማ ወደ ባሕሩ የሚወስደው አውራ ጎዳና ላ ቺዛ የሚባለውን ተራራ አቋርጦ ነው የሚያልፈው። ዋሻ በዋሻ ነው። እናቴ የመጀመሪያው ውስጥ ስንገባ «ጣርማበር ደረስን እንዴ?» አለች። ከአንዱ ስንወጣ ሌላው ይቀበለናል። ቁልቁለቱ ሲያልቅ ባሕሩ ብቅ አለ። ወደ ኋላ ዞረን ስናይ የተራሮቹ አናት ነጭ ነው። ሁሉም በረዶ መስሎን ነበር። ለካ ግማሹ እብነ በረድ ነው። የካራራ እብነ በረድ የሚቆረጠው ከዚያ ተራራ ነው።

ስንደርስ ተቸገርን። በስልክ «ቦታ አለ» ያሉን የካምፐር ማቆሚያ ሞልቶ ጠበቀን። አንድ ሰዓት ተኩል ያህል ዞርን። በመጨረሻ ከጥድ ጫካው አጠገብ ሌላ ማቆሚያ አገኘን። በሌሊት የሚከፈል ነው፤ ውሃና መብራት አለው። ለካርኒቫል የምትሄዱ ካላችሁ ቅዳሜን አትጠብቁ፤ ዓርብ ግቡ።

ሰልፉ የሚጀመረው በሦስት የመድፍ ተኩስ ነው። ከዚያ ጋሪዎቹ መጡ። ጋሪ ስላቸው የፈረስ ጋሪ እንዳይመስላችሁ። ትልልቆቹ 20 ሜትር ያህል ይቆማሉ። ላያቸው ላይ መቶና ከዚያ በላይ ሰው ይጨፍራል። ደሴ ላይ ባለ አምስት ፎቅ ሕንፃ ፒያሳን አቋርጦ ሲሄድ አስቡት። ዓይኑ ይንቀሳቀሳል፣ እጁ ይዘረጋል፣ አፉ ይከፈታል። የተሠራውም ከወረቀት ነው! መጀመሪያ በሸክላ ጭቃ ይቀርጹታል። በጄሶ ቅርጹን ይወስዳሉ። ከዚያ የጋዜጣ ቁራጭ በዱቄት ሙጫ እየነከሩ ያለብሱታል። ሲደርቅ ቀላል ነው፣ ጠንካራም ነው። እኔ የብረት ሰው ነኝ፤ ከጋሪው ሥር ያለውን ብየዳና ማንቀሳቀሻ ለማየት ስጎነበስ ሰልፉ አመለጠኝ ማለት ይቻላል። ከ1873 ጀምሮ ሲደረግ የኖረ ነው፤ ይሄ በእነሱ አቆጣጠር ነው።

ዋናው ነገር ግን ሰልፉ አይደለም። ይህን ልንገራችሁ ብዬ ነው የተቀመጥኩት። ሰልፉን ለማየት ብቻ የመጣው ሰው በባቡር መጥቶ በባቡር ተመለሰ። እኛ አደርን። ቅዳሜ ማታ ሰዎቹ ልጆቻቸውን አልብሰው ሲለማመዱ አየን። ሰኞ ማለዳ ደግሞ ባሕሩ ዳር ማንም የለም። መንገዱ በሙሉ የተበተነ ባለ ቀለም ወረቀት ለብሷል። አንድ አዛውንት ከቤታቸው ደጃፍ ይጠርጋሉ። እናቴ ሰላም አለቻቸው። እሳቸውም መጥረጊያቸውን አስደግፈው እጃቸውን ዘረጉ። በቋንቋ አልተግባቡም፤ ግን ረጅም ሰዓት ቆሙ። በዓል የሚታወቀው ሲያድሩበት ነው።

አሁን ጥያቄዬ። አሮጌ ሃይሩፍ አለኝ። የኋላ ወንበሩን አውጥቼ አልጋ ልገጥምበት ነው። ነሐሴ 16 ለሶለል፣ ለራያ ልጃገረዶች በዓል፣ ቆቦ መሄድ እፈልጋለሁ። ከዚያ በፊት ሐይቅ ዳር አንድ ሌሊት። እናቴም አብራኝ አለች። የት ይታደራል? ምን ላድርግ? ምን ልተው? የምታውቁ ንገሩኝ።

የጦሳ ልጅ (ደሴ) · ሚያዝያ 16

እንኳን ደህና መጣህ ወንድሜ! እናታችንንም ሰላም በልልኝ።

ግን ዋናውን ዘለልከው። ሽንት ቤቱ እንዴት ነው? የት ይሄዳል? እንዴት አይሸትም? ውሃስ ለስንት ቀን ይበቃል? ምግብስ? እናትህ ጾም ላይ አልነበሩም?

ቦርከና · ሚያዝያ 17

ልክ ነህ፤ ይሄ መነገር አለበት።

ካምፐሩ ሦስት ዓይነት ውሃ አለው። ንጹሕ ውሃ አንድ ታንከር፤ የኛው መቶ ሊትር ያህል ይይዝ ነበር። ለአራት ሰው ቆጥበን ሁለት ቀን አደረሰን። የታጠብንበት ውሃ ሌላ ታንከር ውስጥ ይጠራቀማል። የሽንት ቤቱ ደግሞ ከውጭ በኩል ተስቦ የሚወጣ፣ እንደ ሻንጣ እጀታ ያለው ሳጥን ነው። ሽታውን የሚያጠፋ ፈሳሽ ይጨመርበታል። ሲሞላ ተሸክመህ ወደ ተፈቀደው መድፊያ ብቻ ትወስዳለህ። መንገድ ዳር፣ ቱቦ ውስጥ፣ ባሕር ውስጥ የደፋ ይቀጣል።

ሕጋቸው ደስ ብሎኛል። የመንገድ ሕጉ አንቀጽ 185 ስለ ካምፐር ይናገራል። መኪና መቆም በሚፈቀድበት ቦታ ካምፐርም መቆም ይችላል። ግን መሬት የሚነካው ጎማው ብቻ መሆን አለበት። ምንም ፈሳሽ አይወጣውም። ከራሱ ስፋት በላይ ቦታ አይይዝም። ወንበር አውጥተህ፣ ዳስ ዘርግተህ ከተቀመጥክ ቆምክ አይባልም፤ ሰፈርክ ነው የሚባለው። ለዚያ የተለየ ቦታ አለው።

ስለ ምግቡ። አዎ፣ ሁዳዴ ከገባ ሳምንት ሊሞላው ነበር። ዘንድሮ ፋሲካችን ከእነሱ ጋር በአንድ ቀን ነው የዋለው፤ ግን እኛ 55 ቀን ስለምንጾም ቀድመን ገባን። እነሱ የሚገቡት ረቡዕ የካቲት 26 ነበር። ስለዚህ ካርኒቫላቸው ቅበላ ነው። ቃሉም ከሥጋ መሰናበት ጋር የተያያዘ ነው። ይህን ስነግራት እናቴ ወዲያው ገባት። «እነሱ ገና ቅበላ ላይ ናቸው በለኛ» አለች። ከዚያ በኋላ ጭፈራውን በሌላ ዓይን ነው ያየችው።

ጣፋጩ ሁሉ እንቁላልና ቅቤ ያለበት ነው፤ አልነካችም። ካምፐሩ ውስጥ ሽሮ ሠራች። ደግሞ እዚያ ባሕር ዳርቻ ቼቺና የሚሉት ምግብ አላቸው። የሽምብራ ዱቄት በውሃና በወይራ ዘይት ተበጥብጦ፣ በሰፊ መጥበሻ ምድጃ ውስጥ የሚጋገር ነው። ጨውና ቁንዶ በርበሬ ብቻ ይነሰነስበታል። እናቴ ቀምሳ «ይሄማ የኛው ነው፤ ሽሮን ጋግረውታል» ብላ ሦስት ቁራጭ በላች።

አንድ ነገር ልጨምር፤ ለጋራዥ ሰዎች። ሰኞ ስንመለስ አንዱ ጎማ ተነፈሰ። የእህቴ ባል ስልኩን አውጥቶ ሲፈልግ እኔ መንገድ ዳር ያለውን ሰው «ጎሚስታ?» አልኩት። በእጁ አሳየኝ! ስኮርታ፣ ፍሪሲዮን፣ ማርሚታ፣ ቦሎ፣ ሁሉም ገባቸው። ኮምቦልቻ ጋራዥ ውስጥ ከአባቴ የተማርኩት ቋንቋ እዚያ ሠራልኝ። ልቤ ሞላ።

የአሰብ መንገድ · ሚያዝያ 18

ልጄ፣ ጽሑፍህን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። እኔ ፊያት ተሳቢ ይዤ ከኮምቦልቻ አሰብ ለብዙ ዓመት ተመላልሻለሁ። መኪና ውስጥ ማደር ለኛ ሥራችን ነበር።

ከባቲ ትወርዳለህ። ሰኞ ከሆነ የባቲን ገበያ ሳታይ አታልፍም። ከዚያ ሚሌ፣ ሰርዶ፣ ዲችኦቶ፣ ኤሊዳር፣ ማንዳ፣ ቡሬ። ሌሊት ነው የምንነዳው፤ ቀን ጎማው አይችለውም። ሲነጋ ከመኪናው ሥር፣ ጥላ ውስጥ ምንጣፍ አንጥፈን እንተኛለን። ከጎኑ የታሰረው የውሃ ጆንያ በነፋስ ይቀዘቅዝ ነበር። አሁን ፍሪጅ አለ ትለኛለህ፤ የዚያ ውሃ ጣዕም ግን እስከ ዛሬ አፌ ላይ አለ።

አሰብ ስንደርስ መጀመሪያ የሚቀበለን ሽታው ነው። ጨው፣ ዓሣ፣ ነዳጅ። ማጣሪያው እዚያ ነበር። ለወሎ ልጅ ባሕር ማለት አሰብ ነበር። ልጄን የስምንት ዓመት ሳለ አንድ ጊዜ ይዤው ሄጄ ነበር። ውሃው ውስጥ ቆሞ «አባዬ፣ የት ነው የሚያልቀው?» አለኝ። ዛሬ ትልቅ ሰው ነው። መንገዱ ከ1990 ጦርነት ወዲህ፣ በ2011 ለአጭር ጊዜ ከመከፈቱ በቀር፣ ዝግ ነው። የልጅ ልጆቼ ባሕር አላዩም።

ምክሬ ይሄ ነው። የምታድርበትን ቦታ በብርሃን ምረጥ። ማታ ደርሰህ የቆምክበት ቦታ ሲነጋ ሌላ ይሆናል። ወንዝ አሸዋ ላይ በፍጹም አትቁም። ነሐሴ ነው። ዝናቡ አንተ ካለህበት ላይሆን ይችላል፤ ተራራው ላይ ይዘንብና ጎርፉ አንተ ጋ ይደርሳል። የቆቦ ሜዳ እንደዚያ ነው። የመኪናህን አፍንጫ ሁልጊዜ ወደ መውጫው አዙረህ ተኛ። ከመነሳትህም በፊት ስለ መንገዱ በየከተማው ያለውን ሰው በስልክ ጠይቅ። ወቅቱን ታውቀዋለህ። «ቆይ» ካሉህ ቆይ። በዓል ለከርሞም ይመጣል።

ሐይቅ ዳር · ሚያዝያ 18

ጋሼ፣ ያ የልጅዎ ጥያቄ አስለቀሰኝ። እግዜር ዕድሜ ይስጥዎ።

ቦርከና፣ ወደኛ መምጣትህ ደስ ይለኛል። ከደሴ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ነን፤ እናትህም ብዙ አይደክሙም። ማለዳ 12 ሰዓት ላይ ሐይቁ እንደ መስታወት ነው። ታንኳዎቹ ሲመለሱ ዓሣውን እዚያው ከእጃቸው ትገዛለህ። ቆሮሶም አምባዛም አለ። ግን በፍልሰታ ከመጣህ እናትህ አይበሉም፤ ስለዚህ ሽሮውን ይዘህ ና።

እስጢፋኖስ ገዳምን ለማየት ካሰባችሁ አንድ ነገር እወቁ። ሴት ወደ ውስጥ አትገባም። እናትህ ከውጭ ተሳልመው ይመለሳሉ። አባ ኢየሱስ ሞዓ በ13ኛው ክፍለ ዘመን ያቀኑት ገዳም ነው። አቡነ ተክለ ሃይማኖትም እዚያ ተምረዋል። አንተ ስትገባ እናትህ ብቻቸውን እንዳይቀመጡ፤ ቤታችን ቅርብ ነው፤ ቡና እናፈላለን።

አሁን የልቤን ልናገር። ስለ ሽንት ቤቱ ሳጥን የጻፍከውን ለቤተሰቤ ሁሉ አነበብኩላቸው። ሐይቃችን መውጫ የለውም። የአርድቦ ሐይቅ ውሃ በአንከርካ ወንዝ ወደኛ ይገባል፤ ከኛ ግን በወንዝ የሚወጣ የለም። የገባው ሁሉ እዚያው ነው። ጥልቅ ነው፣ 88 ሜትር ድረስ ይሄዳል፤ ግን ጥልቅ መሆኑ ቆሻሻውን አያጠፋውም። ሰው ቅዳሜና እሑድ ይመጣል። መኪናውን ውሃው ዳር አስጠግቶ በሳሙና ያጥባል። ዘይቱ ሲንሳፈፍ አየዋለሁ። ፌስታልና ጠርሙስ ጥሎ ይሄዳል። ሰኞ የምንለቅመው እኛ ነን። ዓሣ አጥማጁ መረቡን ሲያወጣ ፌስታል ይወጣል። እኔ እዚህ ነው ያደግኩት። በልጅነቴ ያን ውሃ በእጄ ቀድቼ ጠጥቻለሁ።

ስለዚህ መኪናህን ሠርተህ ስትመጣ ያን ሳጥን አትርሳ። የታጠባችሁበትን ውሃ በጀሪካን ይዛችሁ ሂዱ። ከውሃው ራቅ ብላችሁ ቁሙ። ይህን ካደረጋችሁ በሩ ክፍት ነው።

ቦርከና · ሚያዝያ 18

እህቴ፣ ቃሌ ነው። ከወንበሩ ሥር 40 ሊትር ጀሪካን እገጥማለሁ፤ የታጠብንበት ወደዚያ ይገባል። ሳጥኑ እዚህ አይሸጥም፤ ግን ክዳኑ አየር የማያሳልፍ ባልዲና የእንጨት ብናኝ ይበቃል። ኮምቦልቻ ወስጄ ነው የምደፋው። መውጫ እንደሌለው አላውቅም ነበር። ስንት ጊዜ መጥቼ ዋኝቼበታለሁ፣ አላውቅም ነበር።

አልቡኮ · ሚያዝያ 20

አሰላሙ ዓለይኩም የወሎ ልጆች።

ወንድሜ ቦርከና፣ የካቲት 23 ለኛ የረመዳን ሁለተኛው ቀን ነበር። አንተ እናትህን ይዘህ በጾም ካርኒቫል ስታይ እኔ ደሴ መናኸሪያ ላይ አንድ ክርስቲያን ጓደኛዬ ጋር ቆሜ ነበር። እሱም ይጾማል፣ እኔም እጾማለሁ። ለመግሪብ ተምርና ውሃ ገዛልኝ። እሱ እስኪመሽ ሳይበላ የቆየው ለኔ ብሎ ነው። ዘንድሮ ሁለቱ ጾሞች አብረው ሲሄዱ ከተማው በሙሉ እንዲህ ነበር።

«በዓል የሚታወቀው ሲያድሩበት ነው» ያልከው ልክ ነው፤ ወላሂ። ጀማ ንጉሥ መውሊድ የሄደ ያውቀዋል። ሰው ከሩቅ በእግሩ፣ በበቅሎ፣ በመኪና ይመጣል። መንዙማው ሌሊቱን ነው። ድቤው ሲመታ፣ ጫቱ ሲዞር፣ ዱዓው ሲደረግ ያላደረ ሰው ምን አየ ይባላል? ግሸንም እንደዚያው ነው። መስከረም 21ን ለማክበር የሚወጣው ሰው ቀድሞ ደርሶ ተራራው ላይ ነው የሚያድረው። ከመኪናው ሥር የሚተኛ አለ፣ ላስቲክ ወጥሮ የሚተኛ አለ። እኛ ወሎዎች በዓል ማደር ከማንም አልተማርንም። የጎደለን ንጹሕ ሽንት ቤትና የውሃ ቧንቧ ነው። ጣሊያኖቹ ያን አስበውበታል። ከእነሱ የምንወስደው እሱን ነው።

ራያ ቆቦ · ሚያዝያ 22

እኔ ሶለል እየተጫወትኩ ያደግኩ ነኝ። ስለዚህ ትንሽ ልናገር፤ ቅር እንዳይልህ።

ሶለል ካርኒቫል አይደለም። ካርኒቫሉ ላይ አጥር ነበር አይደል? ትኬት ቆርጠህ ነው የገባኸው። እኛ ጋ ትኬት የለም፣ ተመልካችም የለም። ሴቶቹ ናቸው ወዳንተ የሚመጡት። የፍልሰታ ጾም እንደተፈታ ልጃገረዶች ሹሩባ ተሠርተው፣ ተኩለው፣ አዲስ ለብሰው ይወጣሉ። ከበሮ ይዘው ቤት ለቤት ይዞራሉ። በየግቢው ባለቤቱን በስሙ እየጠሩ ይዘፍኑለታል። ያለው ይሰጣል። የሌለው ይመርቃል። ላስታ ላሊበላ አሸንድዬ ይሉታል፣ ዋግ ሻደይ ይሉታል። ሣሩ ከወገብ የሚታሰረው እነሱ ጋ ነው፤ ስሙንም ያገኘው ከሣሩ ነው።

ለኛ ያ ሰሞን ምን እንደሆነ ልንገርህ። ዓመቱን ሙሉ ውሃ ትቀጃለሽ፣ እንጨት ትለቅሚያለሽ፣ ወንድምሽን ትጠብቂያለሽ። በዚያ ሰሞን ግን መንገዱ የኛ ነው። «የት ነበርሽ?» የሚል የለም። የልባችንን በዘፈን እንናገራለን። ባለጌውን ሰው እንነካዋለን፣ ደጉን እናወድሳለን። እኔ 13 ዓመቴ ላይ ከበሮ መቺ ሆኜ ስመረጥ የተሰማኝን ዛሬም አስታውሳለሁ። መዳፌ ተላጦ ነበር። ለእናቴ አልነገርኳትም፤ በነጋታው እንዳታስቀረኝ።

አሁን የሚያስከፋኝ ስልክ ነው። ሰው ከከተማ ይመጣል። ሳይጠይቅ ፊታችን ላይ ስልክ ይደቅናል። አንዲት ልጅ ስትጨፍር ቀርጾ ይለጥፋል፤ ከዚያ ስለ ሰውነቷ የሚጻፈውን አንብቡት። እህቴ ባለፈው ጊዜ በዚህ ምክንያት አልወጣም አለች። 15 ዓመቷ ነው። በዓሉ የሷ ነበር፤ ወሰዱባት።

ቦርከና፣ እናትህን ይዘህ ስለምትመጣ ደስ ብሎኛል። እናት ያለችበት መኪና ሌላ ነው። ስልክህን ኪስህ ውስጥ አድርገው። መጀመሪያ አብራችሁ ቡና ጠጡ። ከዚያ ፎቶ ከፈለጋችሁ ራሳቸው ኑ አንሱን ይላሉ።

ቦርከና · ሚያዝያ 22

ቅር አላለኝም እህቴ። ማወዳደሬ ስህተት ነበር። ቪያሬጆ ላይ ጭንብል የለበሰው ሰው ፎቶ ሊነሳ ነው የወጣው፤ ለዚያ ነው ዓመቱን ሲዘጋጅ የከረመው። ልጃገረዷ ግን ፊቷን ነው ይዛ የወጣችው። ይህን ልዩነት አላሰብኩትም። ስልኬን ከመኪናው አላወጣውም።

ውጫሌ · ሚያዝያ 25

ይህን ክር ዛሬ ማንበቤ ገረመኝ። ዛሬ ሚያዝያ 25 ነው። የውጫሌ ውል የተፈረመው በዚህ ቀን በ1881 ነው። ይስማ ንጉሥ፣ እዚህ አምባሰል። 136 ዓመት ሞላው።

ማንም እስካሁን አልጠየቀህም፤ እኔ ልጠይቅህ። የካቲት 23 ዓድዋ ነው! የዓድዋን ቀን ጣሊያን አገር ዋልክ ማለት ነው። እናትህ ምን አሉ?

ቦርከና · ሚያዝያ 25

ይህን ለመጻፍ ፈልጌ እንዴት እንደምጀምረው ስላላወቅኩ ነው የተውኩት። ስለጠየቅከኝ አመሰግናለሁ።

እሑድ ጠዋት እናቴ ቀድማን ተነሳች። ስነቃ የሐበሻ ቀሚሷን ለብሳ፣ ነጠላዋን አጣፍታ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣለች። እህቴ «እማ፣ ይበርድሻል፣ ደግሞ ሰው ሁሉ ጭንብል ለብሶ ስለሚመጣ አንቺንም እንደዚያ ያዩሻል» አለቻት። እናቴ «ይዩኝ፤ ዛሬ ዓድዋ ነው» አለች። ከላይ ካፖርት ደረበች፤ ነጠላውን ግን ከላይ አደረገችው።

ቅድመ አያቷ ከራስ ሚካኤል ጋር ከወሎ የዘመተ ነው። በልጅነታችን ስሙን እየጠራች ትነግረን ነበር። ሰልፉ ሊጀመር ሲል ያ መድፍ ተተኮሰ። አንድ። ሁለት። ሦስት። እጄን ጥብቅ አድርጋ ያዘችኝ። ሰው ሁሉ ይጮኻል፣ ባለ ቀለም ወረቀት ይበትናል፣ ልጆች ይዘላሉ። እሷ ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል። የሞቱትን በስም ትጠራ ነበር። እንደፈራሁት አላዘነችም። ሲያበቃ ፊቷ ብሩህ ነበር።

አንዲት ጣሊያናዊት አጠገባችን ሕፃን ይዛ ቆማለች። የነጠላውን ጥለት በጣቷ ነካ አድርጋ «ቆንጆ ነው፤ የምን ልብስ ነው?» ብላ እህቴን ጠየቀቻት። እህቴ ነገረቻት፤ ቀኑንም ነገረቻት። ሴትየዋ ዝም አለች። ከዚያ ሕፃኗን ለእናቴ አቀበለቻት። እናቴም ታቅፋ ቀረች። አንድ ጋሪ አልፎ ሌላው እስኪመጣ ድረስ ሕፃኗ እናቴ ትከሻ ላይ ነበረች፤ ፀጉሯ በሙሉ ባለ ቀለም ወረቀት ሆኖ።

ማታ ካምፐሩ ውስጥ ሽሮውን እያማሰለች «ውሉን የተፈራረሙት እኛ አገር፤ እኔ ደግሞ ልጃቸውን አቀፍኩ» አለች። ሌላ አልተናገረችም።

ውጫሌ · ሚያዝያ 25

እናትህን እግራቸውን ሳምልኝ። ወደ ቆቦ ስትሄዱ ውጫሌን ሳታዩ እንዳታልፉ። ይስማ ንጉሥ ድረስ እኔ እወስዳቸዋለሁ።

የጦሳ ልጅ · ሚያዝያ 28

እኛም መኪና እያዘጋጀን ነው፤ ሦስት ጓደኛሞች። አንድ ነገር ብቻ። የደሴና የወረኢሉ ብርድ እንደምታውቀው ነው። ሌሊት ትንሽ የከሰል ማንደጃ ብናስገባ፣ መስኮቱን ትንሽ ከፈት አድርገን፣ ይሆናል?

ቦርከና · ሚያዝያ 28

አይሆንም! ወንድሜ፣ እባክህ ይህን በደንብ አንብበው።

ከሰል መኪና ውስጥ አይገባም። ትንሽም ቢሆን፣ መስኮት ቢከፈትም አይገባም። ከሰል ጭሱ ቢያልቅም ካርቦን ሞኖክሳይድ መልቀቁን አያቆምም። አይሸትም፣ አይታይም። እንቅልፍ ያመጣል፤ ከዚያ አትነሳም። ቤት ውስጥ እንኳ ስንት ሰው ጨርሷል። መኪና ደግሞ ከክፍል በጣም ያነሰች ናት። ሞተር አስነስቶ ለማሞቅ መተኛትም ያው ነው፤ በተለይ ማርሚታው የተቀደደ ከሆነ። ብርድ ከሆነ ብርድ ልብስ ጨምሩ። ሙቅ ውሃ በፕላስቲክ ኮዳ ሞልታችሁ እግራችሁ ሥር አድርጉ። ጋቢ አለ አይደል? ጋቢ ከየትኛውም ማሞቂያ ይበልጣል።

ስለ ጋዙም ልናገር። ካምፐሩ ላይ የጋዝ ሲሊንደሩ የተለየ ሳጥን ውስጥ ነው፤ ከሰው ክፍል ጋር አይገናኝም። የሳጥኑ ወለል ላይ ቀዳዳ አለ። የምግብ ማብሰያ ጋዝ ከአየር ይከብዳል፤ ካመለጠ ወደ ታች ነው የሚወርደው፤ ቀዳዳው ለዚያ ነው። እኔ የራሴን እንደዚያ ነው የምበይደው። እስከዚያው ግን ምግብ ከመኪናው ውጭ አብስሉ።

ደግሞ ወንበር ስታወጡ አልጋውን የሚነቀል አድርጉት። ሊብሬው ላይ የተጻፈውን የሰው ልክ ከቀየራችሁ ለቦሎ ስትቀርቡ ጥያቄ ይመጣል። አስቀድማችሁ ጠይቁ። እኔ በአራት ብሎን የሚታሰር የላሜራ አልጋ ሠርቻለሁ። ለማውጣት 20 ደቂቃ ይበቃል። ቅዳሜ ኑ፣ ላሳያችሁ።

የጦሳ ልጅ · ሚያዝያ 28

ገባኝ። ማንደጃውን ለእናቴ መለስኩላት። ቅዳሜ እንመጣለን።

ራያ ቆቦ · ግንቦት 2

ቦርከና፣ ያንተን የዓድዋ ጽሑፍ ለእናቴ አነበብኩላት። እናቴ «እኒያ ሴትዮ ሆቴል ዳር፣ መንገድ ዳር አያድሩም» ብላለች። ግቢያችን ሰፊ ነው። መኪናችሁን ግቢ ውስጥ አስገብታችሁ አልጋችሁ ላይ ተኙ፤ ሽንት ቤቱም ውሃውም የቤቱ ነው። ጠዋት ልጃገረዶቹ መጀመሪያ የሚመጡት እኛ ቤት ነው፤ ከበሮውን የምታሰማው እህቴ ናት። ዘንድሮ ትወጣለች፤ እኔ አብሬያት እዞራለሁ።

አንድ ችግር አለ። የግቢው በር ከላይ ብረት ተበይዶበታል። ወንድሜን አስለካሁት፤ ቁመቱ 2 ሜትር ከ40 ነው። ሃይሩፍህ ይገባል?

ቦርከና · ግንቦት 2

አሁን ወጥቼ ለካሁት። መኪናዋ ብቻዋን ትገባለች፤ አራት ጣት ያህል ይተርፋታል። ፖርቶመጋላው ነው የሚከለክለን። ፈትቼ ኮምቦልቻ እተወዋለሁ። እናቴ ደግሞ ለእናትሽ ምን ይዤ ልምጣ እያለች ነው።